አምስተኛው ፕሮግራም

ከሥራው ይልቅ እቅዱን የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ ድንበር ተሻግራችሁ እኛ የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ብቅ በሉና ጎረቤቴን አቶ መስፍንን ተዋወቁት። የስምንት ዓመት ልጁን ሩትን «በክርስቲያናዊ ሥርዓት ቤት ውስጥ አስተምራታለሁ» ብሎ ከትምህርት ቤት ካስወጣት ሦስት ወር ሆነው። ያኔ ማንበብ ይከብዳት ስለነበር ሚስቱ አልማዝ «እስከ ፋሲካ አንብባ ካላሰማችኝ ትመለሳለች» ብላ ቀን ቆርጣለታለች።

መጻሕፍቱን የከባድ መኪና ሾፌሮች ከአዲስ አበባ ያመጡለታል። እሱ ግን አንዱን ስብከት ያንሰዋል፣ ሌላውን ስብከት በዝቶበታል እያለ ይመልሳል። እኔ የምለው፣ ስብከት በኪሎ ነው እንዴ የሚለካው?

ፕሮግራሙማ ጉድ ነው። አርብ፣ የሙስሊም አገር ስለሆነ፣ ከተማው ሁሉ ያርፋል። ቅዳሜ ለጸሎት ተመድቧል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሌላው ቀን ደግሞ ከቀትር በኋላ በዚህ ሙቀት እንኳን ሊያስተምሩ ሊተነፍሱም ያስቸግራል። ስለዚህ ይሰርዛል፣ እንደገና ያወጣል። ጽሑፉ የሐኪም ስለሚመስል በየጊዜው በንጹህ የምትገለብጥለት ሩት ናት።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው አምስተኛው ፕሮግራም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እኔም ሠርግ እንደተጠራ ሰው ተጣድፌ ሄድኩ። ሩት ከላይ እስከ ታች ሳትደናቀፍ አነበበችልን፤ ሰዓቱንም ደመረችው።

«አባዬ፣ በሳምንት ለትምህርት የቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው» አለች።

አቶ መስፍን በደስታ ሊበር ደረሰ። «ሰማሽ አልማዝ? አነበበች እኮ! በቃ፣ ከነገ ጀምሮ አስተምራታለሁ።»

አልማዝ ልጇን አቅፋ ሳመቻትና ወደ ባሏ ዞረች። «ተው መስፍኔ፣ ልጅቷ ገና ትምህርቱ እየገባት ነው፤ አታቋርጣት። ስድስተኛውን ፕሮግራም አውጣ።»