መኪና የሚያስቀር ምርቃት

«አባባ ቃሲም፣ ዝናቡን አልመረቁትም እኮ!» አልኳቸው።

ሽማግሌው ደስ አላቸው። የዛሬ ወጣት ምርቃት ሲረዝምበት ስልኩን ይነካካል፤ እኔ ግን ይጨመርልኝ ባይ ሆንኩ። ዝናቡን መረቁ። ስንዴውን መረቁ። ኮምባይነሩ መሐል ማሳ ላይ እንዳይበላሽ መረቁ። አሚን! የባሌን ከተሞች እየመረቁ ጎባን አዳርሰው ወደ ደሎ መና ሲወርዱ፣ «ጊኒርስ?» አልኩ።

ሮቤ ላይ መንገደኛ ሳይመረቅ አይወጣም፤ ምርቃቱ ሳያልቅ ደግሞ የሚነሳ የለም። እኔም የተማመንኩት በዚሁ ነው። ደጅ የቆመው የአዲስ አበባ ሚኒባስ ቸኩሎ ትቷት ቢሄድ፣ ዘይነባ ለአውሮፕላኗ አትደርስም። ካልደረሰች ትቀራለች። ከቀረች... ከዚያ ወዲያ ያለውን አላሰብኩበትም። ፍቅር መቼ እቅድ ያውቃል?

የአከራዮቼ ልጅ ናት። አካውንቲንግ ተምራ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ታመላልሳለች። ታመላልስ ነበር። አሁን ጅዳ ሰው ቤት ልትሠራ ነው። አንድ ቀን፣ እዚሁ አገርሽ ብትሠሪስ ብያት ነበር።

«አንተስ ቲቸር፣ ጎጃም ብታስተምር ምን ነበረበት?» አለችኝ።

እኔም ደሞዝ ተከትዬ ከጎጃም ባሌ ድረስ የመጣሁ ነኝ። የሰው እንጀራ ምን ጊዜም ከመንደሩ ማዶ ነው።

ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። ልቤ ዘለለች። በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ ሊቆጣ ገባ፤ የተዘረጉትን እጆች ሲያይ ግን ጫማውን አውልቆ ከበሩ ሥር ቁጭ አለና የራሱንም ዘረጋ። አሚን! ተሳፋሪዎቹም ተከትለውት ገቡ። እንግዲህ የትኛው መኪና ነው ትቷት የሚሄደው?

አባባ ቃሲም ድምፃቸው ሲደክም ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ልጅ ምርቃት ይወዳል፤ መዝጊያውን እሱ ይመርቅ።»

ዘይነባ መዳፎቿን ዘርግታ አየችኝ። አትሂጂ የሚል ምርቃት አለ? ፈልጌ አጣሁ።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አልኩ።

ከሁሉም ጮክ ብላ «አሚን!» ያለችው እሷ ናት።

ደጅ ወጣን። እናቷን አቅፋ ገባች፤ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ቲቸር፣ በሩን ዝጋልን።»

ሳብኩት። አልገጠመም።

«ኧረ በጉልበት ነው እሱ!»

በጉልበት ዘጋሁት።