ለምርመራ የታጠበ ሻወር

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሰላ ውስጥ፣ የጎረቤቴ የጋሽ ታደሰ ፔንሲዮን ሻወር በፈጣን መመርመሪያ ንጹህ ተባለ። የተፈለገው ሌጂዮኔላ ነበር፤ ቧንቧ ውስጥ አድጎ ሻወሩ ከሚረጨው ደቃቅ የውሃ ብናኝ ጋር ሳንባ የሚገባ ባክቴሪያ።

ፈጣን መልስ ወዳዶችን ያውቋቸዋል? ጋሽ ታደሰ አለቃቸው ናቸው። መመርመሪያዋን እንደ ወጣ ሎተሪ ከፍ አድርገው እናታቸው ዘንድ ገሰገሱ። እማማ አስካለ ሳንባቸው ደካማ ነው፤ ከበቆጂ ብርድ የመጡትም ልጃቸው ሙቅ ውሃ አለኝ ስላላቸው ነው።

«እማዬ፣ ነይ ታጠቢ!»

«ውሃውን እንዴት ቀዱት?» አልኳቸው።

«ሻወሩን በበረኪና አሽቼ፣ ረጅም ሰዓት አፍስሼ ነዋ! ለሚመረምር እንግዳ የቆመ ውሃ ይሰጣል እንዴ?»

ለዚህ ጨዋነት ምን ይባላል? እንዲህ ታጥቦ የተቀዳ ውሃ ቧንቧው ውስጥ ባክቴሪያ ቢኖርም ላያሳይ ይችላል። ማሸጊያውን አነበብኩላቸው፤ መመርመሪያዋ የምትለየው አንዱን የሌጂዮኔላ ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያው ታንከር ከሚቀዳው፣ ካልታጠበው ሁለተኛ ሻወር የቆመውን ውሃ ቀድተን ላቦራቶሪ ላክን። ባክቴሪያው አድጎ እስኪታይ ግን ቀናት ይፈጃል።

«እስከዚያ እናቴ ሳትታጠብ ትክረም?» የጋሽ ታደሰ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ እማማ፣ «ሻወርህ ሳይመጣ ቆሽሼ ነው እንዴ ያሳደግኩህ?»

ጋሽ ታደሰ ውሃ አፍልተው፣ ለብ እስኪል ጠብቀው፣ የእናታቸውን ፀጉር በሳፋ አጠቡ።

የላቦራቶሪው መልስ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። መመርመሪያዋ የማትለየው የሌጂዮኔላ ዓይነት ተገኝቷል። ሻወሮቹ ተዘግተዋል። እማማ አስካለ እስከ ዛሬ ጠዋት ሳል የለባቸውም።