በሁዳዴ እንቁላል የሚበላው ዓሣ

ሰው የሚያፍርበትን ነገር አማርጦ አያገኝም። አንዱ በመሬት፣ ሌላው በሚስት ይታማል፤ እኔን ሃምሳ ዓመት አንገቴን ያስደፋኝ ግን ዓሣ ነው። ያውም ጣት የማያክል!

ቆቦ ተማሪ ሳለሁ ዳይሬክተራችን ከአዲስ አበባ በመስታወት ሣጥን ያመጣው ነው። የአምባዛ ዘመድ ሲሆን ጢሙ የሽማግሌ፣ ገላው የነብር ዝንጉርጉር ነበር። ጋሼ እንለዋለን፤ ስለ ዓሣ የተጻፈ መጽሐፍ ከእጁ አይለይም። በስድሳ ስድስቱ ሁዳዴ ድንገት ዓሣው ብርሃን ያስፈልገዋል ብሎ ሣጥኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋ፤ በቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላልም አዘዘለት። እኔን የዓሣው መጋቢ አድርጎ ሾመኝ።

የራያ ቆላ ዝናብ ካየ ቆይቷል፤ መንገድ ዳር ሰው ወድቋል። ረሃብ የሚለውን ቃል ግን ባለሥልጣን ፊት ማንሳት አያዋጣም ነበር። እኔ ቆሎ ቆርጥሜ እየጾምኩ ለዓሣ እንቁላል እልጣለሁ። እስቲ ፍረዱ፤ አገር ሲጾም እንቁላል የሚበላ ዓሣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?

ከዚያው መስኮት ሥር ሁዳዴ ሳይገባ ጀምሮ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ከሮቢት ወገን በእግራቸው የመጡ ሴት ተጠልለዋል። የሦስት ዓመት ልጃቸው መቆም አቅቷታል። ገና በመጀመሪያው ቀን እንቁላሉን ስልጥ የልጅቱ ዓይን እጄ ላይ ቀረ። እኔ እንዳልበላው ሁዳዴ ነው፤ እነሱ ደግሞ እስላሞች ናቸው፣ ሁዳዴ የለባቸውም። በመስኮቱ አቀበልኳቸው። እትዬ ዘሀራ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ከኀፍረት የተነሣ መዋሸት እንኳ አቅቶኝ የዓሣ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«አብሽሪ ልጄ፤ እሱስ ውኃ አለው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓሣው ጾመኛ ሆነ፤ የሚደርሰው የጤፍ ፍሬ የምታህል ፍርፋሪ ብቻ ነው። ጋሼ ሲጠይቀኝ መሬት መሬት እያየሁ ጨርሶታል እላለሁ። እንግዲያው አልጠገበም ብሎ ሁለት ሁለት እንቁላል ያመጣ ጀመር። መጽሐፍ ተሸክሞ ስለ ዓሣ ምንም አያውቅም ብዬ በልቤ ሳቅሁበት። ለፋሲካ ልጅቱ ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ከሳምንት በኋላ በእግሯ፣ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ወደ ዋጃ ሄደች።

ዓምና አዲስ አበባ፣ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ያንን ጢማም አየሁት። የንስሐ አባቴን የደበቅሁትን ለወጣቱ ባለሱቅ ዘረገፍኩለት። ልጁ ስለ ስርቆቴ ግድም አልሰጠው፤ የደነገጠው በእንቁላሉ ነው።

«ለዚህ ሙሉ እንቁላል? ቁንጥር ይበቃዋል እኮ እናቴ። ያን ሁሉ ቢጨምሩበት ውኃው ተበላሽቶ በማግስቱ ይሞት ነበር። የትኛውም መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።»

እኔ ደግሞ ጋሼ ስለ ዓሣ አያውቅም እያልኩ፣ ሃምሳ ዓመት ስስቅበት ኖርኩ።