የሙሽራዋ አባት ፀጉር

ፊት ለፊት ተገናኝተን ቢሆን ኖሮ ይህን አልነግራችሁም ነበር። ሰው ፊት ስናገር አፌ ይደርቃል። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ለመናገር እጄን ያወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። መምህሩ መስኮት ልክፈት የምል መስሎት «ክፈቺው» አለኝ። ተነስቼ ከፈትኩና ተቀመጥኩ።

ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ማተሚያ ቤት ገነት ነው። ስመረቅ መንግሥት ናዝሬት መደበኝ፤ ከአንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት፣ በአራሚነት። አራሚ ማለት ከመታተሙ በፊት የሌላውን ስህተት የሚፈልግ፣ ከታተመ በኋላ ደግሞ የራሱን የሚያገኝ ሰው ነው። ናሙናው ይመጣልኛል፣ አነባለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዛለሁ፣ ሲቃና «ይታተም» ብዬ እፈርማለሁ። ያለ እኔ ፊርማ ማሽኑ አይዞርም። አያችሁ፣ አፌን ሳልከፍት ሥልጣን ነበረኝ። ችግሬ ነፋሱ ብቻ ነበር። ከአሰብ መንገድ ላይ አቧራውን አንስቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያራግፈዋል። ነጥብ ነው ብዬ የሰረዝኩት ስንት ጊዜ አሸዋ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሴት ከወለንጪቲ መጡ። ከሃያ ዓመት የማትበልጥ ልጃቸው ትዕግስት አብራቸው ናት። እሷም እንደኔ ዓይነ አፋር መሆኗን ወዲያው አወቅሁ፤ ስትናገር አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የሠርግ ጥሪ ሊያሳትሙ ነው። የቀበሌውን ደብዳቤ አስቀድመው ሰጡኝ። ያኔ እኛ ዘንድ ሙሽራም ብትሆን ያለ ደብዳቤ አትታተምም።

ቀጥለው ከዳዊታቸው መሐል በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። መዳፍ የሚያህል የድሮ ኔጋቲቭ ነው።

«ባለቤቴ ነው» አሉኝ። «በብርሃን ነው የሚታየው። ነይ፣ እንዲህ አድርገሽ እይው።»

መስኮቱ ዘንድ ወስደው ከፍ አደረጉት። አየሁ። ኔጋቲቭ እንደሚታወቀው ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው። ፀጉሩ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሸሚዙ ከሰል የመሰለ ሰው ከመስኮቱ ላይ አየኝ።

ታሪኩን በአጭሩ ነገሩኝ። ባለቤታቸው ተስፋዬ የአሰብ ሾፌር ነበር። በተጋቡ ሰሞን እዚሁ ናዝሬት ፎቶ ተነሳ። በዓመቱ ወባ ገደለው፤ ትዕግስት የተወለደችው ከአራት ወር በኋላ ነው። ፎቶውን አንድ ክረምት ቤት የገባ ጎርፍ ወሰደው። ፎቶ አንሺው ከተማውን ሲለቅ ይህችን ኔጋቲቭ ሰጥቷቸው ሄደ። እንዲያጥቡላቸው በየፎቶ ቤቱ ቢዞሩ ለማሽናችን ትልቅ ናት አሏቸው።

«ከዚያ ወዲያ ተውኩት» አሉ። «ማታ ማታ በፋኖስ፣ እሑድ እሑድ በመስኮት አየዋለሁ። ለምጄዋለሁ።»

ጥሪው ላይ ምን እንዲሆን እንደፈለጉ ስጠይቅ የመለሰችልኝ ትዕግስት ናት፣ አፏን ሸፍና። እንደምታውቁት የሠርግ ጥሪ የሚጠራው ወላጅ ነው፤ አባት ከላይ ይጻፋል። እሷ ግን ስሙ ብቻውን ባዶ ሆነባት። «ጠሪው አባቴ ከሆነ ፊቱም ይኑር» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «እኔም እኮ ፊቱን አላውቀውም» አለች።

እንግዲህ የሥራው ነገር ይህ ነበር። አንዲት ልጅ የአባቷን ፊት በራሷ የሠርግ ጥሪ ላይ ልታይ ነው። ለዓርብ ቀጠርኳቸው። ዘመዶቻቸው መቂና ዝዋይ ስለሆኑ ጥሪው ከሆሳዕና በፊት መበተን አለበት።

በሥራ ትእዛዙ ላይ በጥሩ ጽሕፈቴ «የአባት ፎቶ» ብዬ ጻፍኩ። ስህተቱን የጀመርኩት እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ። «ኔጋቲቭ» ማለት ነበረብኝ።

ካሜራ ክፍል ጋሽ መኩሪያ አሉ። ፂማቸው ሳይቀር የመድኃኒት ሽታ ያለው፣ ከጨለማ ክፍል ወደ ፀሐይ ሲወጡ ዓይናቸውን እንደ ጉጉት የሚያርገበግቡ ሰው ናቸው። ትእዛዙን ሲያነቡ ሳቁ። «ሟች ከጠራማ ማን ይቀራል? ዳሱን ያስፉት በያቸው» አሉኝ።

አሠራሩን ካልነገርኳችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። አይክበዳችሁ። ሰው ፎቶ ያመጣል። ጋሽ መኩሪያ በትልቁ ካሜራ ያነሱትና ወደ ፊልም ያዛውሩታል፤ ያኔ ጥቁሩና ነጩ ቦታ ይለዋወጣሉ። ፊልሙ ወደ አልማዝ ይሄዳል። አልማዝ ማሽኑ ላይ የሚታሰረውን ቆርቆሮ የምትሠራ ልጅ ናት። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ እንደገና ይለዋወጣል። ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ይቃናል ማለት ነው። እጃቸው ይህን ለምዷል፤ ጭንቅላታቸውን አይጠይቅም። አሁን ግን የመጣው ቀድሞውኑ የተገለበጠ ነው። ሁለት ጊዜ ቢገለብጡት ተመልሶ እዚያው ነው።

ይህን አሁን እንደ መምህር ሳስረዳችሁ ያኔ የማውቀው እንዳይመስላችሁ። ያኔ የማውቀው ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ነው።

ማክሰኞ ናሙናው መጣልኝ። ጽሑፉ እንከን የለውም። ከላይ ግን ፀጉሩ የነጣ፣ ጥርሱ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን የበራ ሰውዬ ፈገግ ብሎ ለሠርግ ይጠራል። አልማዝ በትከሻዬ በኩል አይታው አማተበች።

«በዚህ ጥሪ እኔ አልሄድም» አለች። ወዲያው የትዕግስት ነገር ትዝ ብሏት አፏን ያዘች።

በቀይ «ፎቶው ይስተካከል» ብዬ መለስኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። እኛ ቤት ሰው ሲሳሳት አይነገረውም፤ ዝም ብሎ ይስተካከልለታል። ከጨዋነት ነው። አለቃው በማይክራፎን ሂስና ግለ ሂስ እያለ ሲያስወራን ስለሚውል፣ እርስ በርሳችን ስንሆን ማንም ማንንም አይወቅስም። ጋሽ መኩሪያ ፊልሙን በጓዳ ወደ ሌላ ፊልም አንዴ ተጨማሪ ገልብጠው ሰጡ፣ ምንም ሳይሉ። አልማዝም ሽማግሌው እንዳያፍሩ ብላ የተሰጣትን ፊልም ከቆርቆሮው በፊት በራሷ አንዴ ገለበጠች፣ ምንም ሳትል። ረቡዕ ጠዋት ናሙናው መጣ። ጥርሱ ጥቁር ነው።

አሁንም «ይስተካከል» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ መኩሪያ ለብቻቸው አሰቡ። መገልበጤ ነው ያበላሸው ብለው እንደ ፊቱ ሠሩት። አልማዝም ለብቻዋ አሰበች። እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብላ እንደ ፊቱ ሠራችው። ጠባብ መንገድ ላይ የተገናኙ ሁለት ሰዎች ላሳልፍህ እየተባባሉ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ሲሸሹ አይታችኋል? ረቡዕ ከሰዓት ሦስተኛው ናሙና ሲመጣ ተስፋዬ አሁንም ፀጉረ ነጭ ነው። ፈገግታው ግን በእኛ የሚስቅ መሰለኝ።

መጋዘን ሄጄ ስጠይቅ የቀረው ፊልም አንድ ቅጠል ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ፋሲካ ያልፋል።

የሻይ እረፍቴን ትቼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ ካሜራ አላውቅም፤ መቁጠር ግን አውቃለሁ። ከኔጋቲቩ ጀምሬ በየደረጃው ጭረት ጫርኩ። አንዴ ካሜራ፣ አንዴ ቆርቆሮ፤ ሁለት፤ የተገለበጠ። አንድ ቢጨመር ሦስት፤ የቀና። ታዲያ ረቡዕ ጠዋት አንድ ተጨምሮ ከሆነ ለምን አልቀናም? ወይ ምንም አልተጨመረም፣ ወይ ሁለት ተጨምሯል። መልሱ ወረቀቴ ላይ የለም። መልሱ ሰዎቹ ዘንድ ነው። ሄዶ መጠየቅ ይጠይቃል።

በሩ ፊት ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ። ደግነቱ የጋሽ መኩሪያ ክፍል ጨለማ ነው፤ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ናት። ሰው ፊቴን እንደማያይ ሳውቅ ምላሴ ተፈታ።

«ጋሽ መኩሪያ» አልኩ፣ «ዛሬ ጠዋት ለመጣው ናሙና ስንት ጊዜ ነው ጨምረው የገለበጡት?»

«አንዴ።»

ከኋላዬ አልማዝ ቆማ ኖሯል። «እኔም አንዴ» አለች።

ውሃው ሳህኑ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«አንቺ ደግሞ ማን ገልብጪ አለሽ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ማንም። እርስዎን ማሳፈር አልፈለግኩም።»

«እኔስ አንቺን አለቃው ስብሰባ ላይ እንዳያነሳሽ ብዬ አይደል በጓዳ የሠራሁት?»

«እና ከሰዓቱስ?» አልኩ።

«ተውኩት።»

«እኔም ተውኩት» አለች አልማዝ፣ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ መኩሪያም ሳቁ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር አደረግሁ።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብቻ ገልብጡት። ማን እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ፊልሙ አንድ ነው የቀረው።»

«ሰማሽ፣ አራሚያችን አፍ አላት» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «እሺ፣ እኔ ልገልብጥ። አንቺ እጅሽን አጣምረሽ ቁሚ።»

አልማዝ እውነትም እጇን አጣምራ ቆመች። ያቺን አንድ ቅጠል ፊልም በመቀስ ለሁለት ከፍለን፣ ግማሿን ለካሜራው፣ ግማሿን ለግልበጣው አደረግናት። ሐሙስ ጠዋት ናሙናው ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሃያ አራት ዓመት ቢሞላው ነው። ፀጉሩ ጥቁር፣ ሸሚዙ ነጭ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ መሣቅ ጀምሮ ፎቶ አንሺው ያስቆመው ልጅ። አልማዝ አየችውና «በዚህስ እሄዳለሁ» አለች። «ይታተም» ብዬ ፈረምኩ።

ዓርብ እናትና ልጅ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጡ። የፈረምኩበትን ናሙና ለእትዬ በላይነሽ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቀጥ ብለው መስኮቱ ዘንድ ሄደው ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት።

«እማዬ» አለች ትዕግስት በቀስታ፣ «ይሄኛው እንዲያው ነው የሚታየው።»

አውርደው ሰጧት። ትዕግስት ፊቱን ደጋግማ አየችው። እጇ እንደ ልማዷ ወደ አፏ ሄደና እዚያው ቆመ፤ ከዚያ በጣቷ ፍንጭቷን ነካች። ፍንጭት መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አሳይታን አታውቅማ።

«ከአባትሽ ነው እልሽ አልነበር?» አሉ እናቷ።

«ትይኝ ነበር። ፊልሙ ላይ አይታይማ» አለችና እጇን አወረደች። ከዚያ በኋላ ጥሪዎቹን ስትቆጥር፣ ጋሽ መኩሪያን ስታመሰግን፣ አልማዝን ሠርጌ ላይ እንዳትቀሪ ስትል፣ እጇ ወደ አፏ አልተመለሰም።

እትዬ በላይነሽ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ከጥሪዎቹ አንዱንም አላነሱም። የተበላሸ ነገር ያዩ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ልክ አይደለም እንዴ አልኳቸው።

«ልክ ነው፣ የኔ ልጅ። እሱ ነው» አሉኝ። «ግን ልጅ ነው እኮ። የሚያገባው እሱ ይመስላል። እኔ ሃያ ዓመት የማውቀው ሸብቶ ነው። የመጀመሪያዋን ሽበት ሳወጣ እንኳ፣ አይዞሽ ቀድሜሻለሁ ያለኝ መስሎኝ ነበር። አሁን እዚህ ልጅ ጎን ምን ብዬ እቀመጣለሁ?» ነጠላቸውን ፀጉራቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ያኛውስ አልተሠራም? የሸበተው?»

የተበላሸ ናሙና ተቀዶ መጣል አለበት፤ ደንብ ነው። ሁለቱን ቀድጃለሁ። ሦስተኛውን ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የማነበው መጽሐፍ ውስጥ ከትቼው ነበር። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፊታቸው በራ። በደንብ አዩት፣ አገላበጡት፣ ከዚያ ቅር አላቸው።

«በዚያኛው ላይ ፈርመሻል» አሉኝ። «በዚህኛውስ?»

ዳርና ዳር አየሁ። ጋሽ መኩሪያ ጣራውን ያያሉ፤ አልማዝ ጣራው ላይ ምን እንዳለ እሷም ታያለች። እስክሪብቶዬን አንስቼ «ትክክል ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ዳዊታቸው ውስጥ፣ ከኔጋቲቩ አጠገብ ከተቱት።

ይኸው እስከ ዛሬ አራሚ ነኝ። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ የፈረምኩት ያንን ብቻ ነው። ሌሎቹን ሁሉ ሳላውቅ ነው።