ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ የተተከልኩ ለት

ሌሊቱን በሕልሜ ተተክዬ አደርኩ። እስከ ጉልበቴ አፈር ውስጥ ገብቼ፣ እጆቼን ወደ ላይ ቀስሬ፣ ደብረ ብርሃን፣ አከራዬ እማማ አሰገደች ግቢ መሐል፣ በገዛ ሰማያዊ ሳፋዬ ውስጥ ቆሜያለሁ።

ሳፋው በውኔ ሥጋ በል ተክሌን የማሳድግበት ነው። ቅጠሉ እንደ ቀንድ ዋንጫ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዝንብ ጠርዙ ላይ ስታርፍ ያዳልጣትና ውስጡ ትሰምጣለች፣ እሱም ቀስ ብሎ ይበላታል። አበባ እርሻ የሚሠራው ጓደኛዬ ምንተስኖት ሥሩን በፌስታል ጠቅልሎ ሲሰጠኝ፣ "ማንያዘዋል፣ ይሄን ነገር ቤት እንዳታስገባው" ብሎኝ ነበር። "ውርጩ ውጭ ይምታው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ የሞተ ይመስልሃል፣ ግን ተኝቶ ነው። በታኅሣሥ ከነቃብህ ግን በቃ፣ ቅበረው።" ከዝናብ ውኃ በቀር ምንም እንዳላጠጣውም አስምሎኛል። ዘንድሮ ታኅሣሥ ሲገባ እንዳለውም ደረቀ። እማማ አሰገደች በየጠዋቱ ሳፋውን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ ግን ሥራ ከመሄዴ በፊት አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ትንሽ ሳላወራው አልወጣም። ሌላ የማወራው ሰውም የለኝ።

በሕልሜ ተራው የእኔ ሆነ። ፀጉሬ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል፤ ብርዱ ግን እንደ ማር ይጣፍጣል። ባጎረሱኝ ቁጥር ጨምሩልኝ የሚያሰኝ ብርድ ነው። ደስታዬን ልናገር ብል አፌ በበረዶ ተዘግቷል። ወዲያው ሳፋው እግር አወጣና ይዞኝ ወደ ገበያ ወረደ።

ሥጋ ቤቱ በር ላይ ዝንቦች ተሰልፈዋል። ነጭ ጋዋን የለበሰ በሬ ከውስጥ ሆኖ በሩን ይዘጋል።

"ጾም ገብቷል፣ ተመለሱ" አላቸው።

"ጋሼ፣ እባክህ ትንሽ ብሉን" አለች ነጠላ ያጣፋች አንዲት ዝንብ። "ቅበላው አምልጦን ነው።"

"ስትዞሩ ነዋ ያመለጣችሁ።"

"ገና ሲመጣስ?"

"እነ እትዬ ዋንጫ ዘንድሮ ሁለቱን ጾም አንድ ላይ አያይዘውታል። እስከ ፋሲካ የሚቀምሳችሁ የለም።"

ዝንቧ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። "እስከ ፋሲካ ማንም ሳይበላኝ ብሞትስ?" ብላ አለቀሰች። ከኋላዋ የተሰለፉትም አብረዋት አለቀሱ። በሬው ልቡ ተነክቶ በጋዋኑ ጫፍ አፍንጫውን ጠረገ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

ሳፋዬ አልቆመም። ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ጥግ ይዛ፣ አንድ ግግር በረዶ አቅፋ እጇን ትሞቃለች። ሁለት ድንቾች ቆብ ደፍተው፣ ሙቀት የደበቀ እንዳለ አላፊ አግዳሚውን ይፈትሻሉ። አንዱን ሰውዬ ሲዳብሱት ከኮቱ ሥር ጋቢ ወጣ።

"የማን ነው?"

"የሰው ነው። አደራ ነው።"

"ሞቆሃል?"

"ትንሽ። እዚህ ጎኔ ላይ ብቻ።"

"ጎን ሳይሞቅ ሰው አይበላሽም" አለ ትልቁ ድንች፣ እና ሰውየውን እያዳፋ ወሰደው። ጋቢውን ሳየው ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ የእኔን ይመስላል። እኔ ጋ ሲደርሱ ጆሮዬን በጥፍራቸው መቱት። እንደ ብርጭቆ ጮኸ።

"ይሄማ ጨዋ ነው" አለ ትንሹ። "ጆሮው ሊሰበር ምንም አልቀረው።"

እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፍኩ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ዞር ስል ግቢያችን ውስጥ ነኝ። እትዬ ዋንጫ መነጽራቸውን አድርገው በላዬ ላይ ቆመዋል። የእኔው ተክል ናቸው፤ ብቻ ቁመታቸው ከጣራው በላይ ነው። አጠገባቸው የእማማ አሰገደች ጓሮ ጥቅል ጎመን፣ ጋሽ ጎመን፣ ቅጠሎቹን እንደ እጅ ወደ ኋላ አጣምሮ ከንፈሩን ይመጥጣል።

"ይሄ ልጅ ሞቷል፣ እትዬ" አለ። "ነቅለው ይጣሉት፤ ሳፋው ለልብስ ማጠቢያ ይሆናል።"

"ተኝቶ ነው።"

"የተኛ ሰው ያንኮራፋል።"

"ዝም ብሎ የሚተኛም አለ። አንተን ደግሞ ማን ጠየቀህ? ከአንገትህ በታች እንኳ የለህ።"

"የለኝማ። ጭንቅላት ብቻ ስለሆንኩ ነው የማስበው።"

ልቤ መምታቱን አቁሞ ያዳምጣል። አልሞትኩም ልል ፈለግሁ፣ አፌ አልላቀቅ አለ። እትዬ ዋንጫ ጎንበስ ብለው አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ትልቁን የእግሬን ጣት በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ውስጡ ቡናማ ከሆነ አበቃልኝ፤ ነጭ ከሆነ አለሁ። ዝንቦቹም አጥር ላይ ተደርድረው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ነጭ ነው" አሉ እትዬ ዋንጫ። "እንደ ወተት።"

ዝንቦቹ እልል አሉ። እኔም በደስታ ሳፋው ውስጥ ዘለልኩ፤ እግሬ ስለተቀበረ ግን የዘለለው አፈሩ ነው።

"ማንም እንዳይነካብኝ" ብለው እትዬ ዋንጫ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከበር እንደወጡ ጋሽ ጎመን እየተንከባለለ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"አይ የሰው ልጅ" አለ፣ "ደግሞ ለአንተ የሚያዝንልህ ይጥፋ?"

ሳፋውን ከነነፍሴ በቅጠሎቹ አቅፎ ቤት አስገባኝ። ከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጠኝ፣ አፌን ከፍቶ ትኩስ ነገር አንቆረቆረብኝ። ውርጩ ከፀጉሬ ላይ ወረደ። ጆሮዬ ለሰለሰ። የጣቶቼ ጫፍ ያሳክከኝ ጀመር። ሳያቸው ቡቃያ አውጥተዋል፤ አረንጓዴ፣ ለጋ፣ የሚያምር። ያን ጊዜ ምንተስኖት ያለኝ ትዝ አለኝ፤ በታኅሣሥ የነቃ ይቀበራል።

"ጋሽ ጎመን፣ በፈጠረዎት ወደ ውርጩ ይመልሱኝ። ልነቃ ነው።"

"ንቃ እንጂ ልጄ። መንቃት ምን ክፋት አለው?"

ነቃሁ።

እየተንቀጠቀጥኩ ነው፤ ጋቢዬ ላዬ ላይ የለም። ነግቷል። የቤቴ በር ገርበብ ብሏል፤ ደጃፉ ላይ ከሰል ተቀጣጥሏል፤ ከምድጃው አጠገብ ሰማያዊው ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ ጋቢዬን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ተክሌ። እማማ አሰገደች ዱካ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ማንኪያ ይዘዋል።

"ተነሣህ?" አሉኝ። "አንተማ ጎረምሳ ነህ፣ ብርዱን ትችለዋለህ ብዬ ነው የገፈፍኩህ። ይሄ ምስኪን ግን ሊያልቅለት ነበር። ሰሞኑን አንተ ሥራ ስትሄድ እኔ ቤት እያስገባሁ ሳሞቀው ነው የከረምኩት። ትቆጣኛለህ ብዬ ማታ ማታ ቦታው እመልሰዋለሁ።"

"እማማ፣ ምንድነው የሚያበሉት?"

"ሥጋ ይበላል ስትል ሰምቻለሁ። ጾም ነው ብዬ ሽሮ ነው የማቀምሰው።"

ጋቢዬን ገለጥ አደረጉልኝ። ከአረንጓዴው ጥለት መሐል፣ ጣት የምታህል፣ ከጥለቱ ይልቅ አረንጓዴ የሆነች ቡቃያ ብቅ ብላለች።

"ደስ ይበልህ ልጄ" አሉኝ፣ ማንኪያውን እየላሱ። "ነቃልህ።"