ሒሳብን ያሳረፉት አያ ዘውዱ

ፈተና የተፈተነ ሰው ስለ ፈተና ብዙ አያወራም። የሚያወራው ያልተፈተነው ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለበት ሰፈር ሁሉ፣ ደጅ ላይ ቆሞ "ነጥብ የሚመጣው እንዲህ ነው" የሚል አንድ ሰው አያጣም። እናንተም ሰፈር ይኖራል። የኛው ክቡር ሊቀ ነጥብ አያ ዘውዱ ናቸው።

ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በልቤ ነው እንጂ ፊታቸው ላይ ብዬው አላውቅም። ሰው ፊት ቃል የሚወጣልኝ ሴት አይደለሁም። ፊደልም የያዝኩት በጎልማሶች ትምህርት፣ ልጄ ካደገች በኋላ ነውና ስህተት ብታገኙ እለፉኝ።

ነገሩ የመጣው ልጄ ብርቱካን አምና ተፈትና ግማሽ ሳይሞላላት ሲቀር ነው። ዘንድሮ በግል እንደገና ተመዘገበች። ካልሞላላት መንገዱ ታውቋል፤ አክስቷ ዐረብ አገር ሆና ቪዛ እያፈላለገችላት ነው። "የመጨረሻዬ ነው እማ፣ ካልሆነ እሄዳለሁ" ብላኛለች። ሰምቼ ጓዳ ገባሁ።

አያ ዘውዱ ይህን ሰምተው መጡ። የድሮ የእብናት በሬ ነጋዴ ናቸው። ውጤቷን በስልኳ ስታሳያቸው የበሬ ጥርስ እንደሚያይ ሰው ከግራም ከቀኝም ተመለከቱት። ጂኦግራፊው ደልቧል አሉ። ታሪኩም ደህና ነው፣ እንግሊዝኛው ከስቷል። ሒሳቡ ላይ ሲደርሱ ግን ከንፈራቸውን መጠጡ። ብርቱካን ልትስቅ ስትል በዓይኔ ያዝኳት።

"ስሚኝማ የሺ፣ ጉዳዩ ወዲህ ነው" አሉኝ። ምክራቸው ሁሉ በዚህ ነው የሚጀምር።

ለእንግሊዝኛው ከቤሩት የተመለሰችውን ፍቅርአዲስን ይዘው መጡ። እኔ የማውቀው ዐረብኛ ነው ብላ ብትምል ብትገዘት ማን ሰምቷት። ባሕር የተሻገረ ሰው ቋንቋ አይቸግረውም ባይ ናቸው። እሷም ምን ታድርግ፣ ሳምንት ሙሉ አስተማረቻት። ልጄ በሳምንቱ የሽንኩርት ዋጋ በዐረብኛ መጠየቅ ቻለች።

አፕቲቲዩድ የሚሉትም አለ፤ አእምሮ የሚመዝን ነው አሉ። ለእሱ መድኃኒቱ እንቆቅልሽ ሆነ። አመሻሽ ላይ እየመጡ ይጠይቋታል፣ ሲያቅታት አገር ስጪኝ ይላሉ። እብናትን ሰጠቻቸው፣ ጋፋትን ሰጠቻቸው፣ ሐሙሲትን ጨመረችላቸው። አገሩ ሁሉ የአያ ዘውዱ ሆኖ እኛ በእሳቸው መሬት ላይ ተከራይ ሆንን።

የሒሳቡ ግን ከሁሉ ይለያል። ሒሳብ እንዲያርፍ አዘዙ። በላይ በላይ የታረሰ መሬት ይደክማል፤ ገበሬ ይተወዋል፣ ሣር ያበቅላል፣ ከብት ይውልበታል፣ ከዚያ ሲያርሱት ይሰጣል። አምና ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ ሒሳብ ስትል ከርማ መሬቱ ደክሟልና፣ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ይረፍ አሉ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ልክ መሰለኝ። ብርቱካን ሒሳብ ስለምትጠላ ከኔ ቀድማ አመነች። ሒሳብ ከኅዳር ጀምሮ አረፈ። ሣሩም በቀለ።

አያ ዘውዱ ምክራቸውን እኛ ቤት ቢያስቀሩት ጥሩ ነበር። እሳቸው ግን ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው አምና ብርቱካንን ሒሳብ ያስተማሯትን መምህር አስማማውን፣ የደከሙትን ልጆች ሁሉ እንዲያሳርፏቸው መከሯቸው። መምህሩ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ አሉ። ብርቱካን ከኅዳር ወዲህ የሒሳብ ደብተር እንዳልገለጠች ሲሰሙ ሳቁን ተዉት። በዚያው ዕለት አያ ዘውዱን አስከትለው ቤታችን ከች አሉ።

እኔ እኮ ልጄን እርዱልኝ ልላቸው ስንት ጊዜ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ሄጄ ተመልሻለሁ። አፌ እንቢ እያለኝ። አሁን ራሳቸው ደጄ ላይ ቆመዋል፤ ያውም ተቆጥተው።

"ማነው ሒሳብ ያርፋል ያለሽ?" አሏት ብርቱካንን።

አያ ዘውዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔ ነኝ፣ የኔታ። ደካማ መሬት ላይ ዘር አይባክንም።"

መምህሩ ልጅቱን አስቀምጠው ይጠይቋት ጀመር። ስትሳሳት ወደ ቀላሉ፣ ደግሞ ስትሳሳት ወደ ባሰው ቀላል፣ እንዲህ እየወረዱ ሰባተኛ ክፍል ደረሱ። ክፍልፋይ ላይ ቆሙ። "እዚህ ነው የቀረሽው" አሏት፤ ቁጣቸው በርዶ ነበር። ለካ ልጄ ከዚያ ወዲህ የተማረችውን ሁሉ ያለ መሠረት ኖሯል የምትቆልለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥሩ ጀምረው ሊያስጠኗት ቃል ገቡ።

"ድንጋይ አለበት ማለት ነዋ" አሉ አያ ዘውዱ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "እኔም ድንጋዩን ነበር የጠረጠርኩት። ይለቀማል እንግዲህ።"

መምህር አስማማው ያን ጊዜ ሳቅ አመለጣቸው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲሆን ከመምህሩ ቀድመው የሚመጡት አያ ዘውዱ ሆኑ። ተቆጣጣሪ ነኝ ብለው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ሦስተኛና አንድ ሩብ ሲደመር ይከራከራሉ፤ ቅርጫ ሥጋ እንዲህ ቢካፈል ሰው ይጋደላል ይላሉ። መምህሩ መልሰው በቅርጫው ሥጋ ያስረዷቸዋል። እሳቸው ሲገባቸው ብርቱካንም ይገባታል። ሳይገባቸው ሲቀር ደግሞ እሷ ታስረዳቸዋለች፤ ያን ጊዜ ይበልጥ ይገባታል። ይህን ሆን ብለው ያድርጉት አያድርጉት እስከዛሬ አላወቅሁም። ብጠይቃቸው አዎ እንደሚሉ ስለማውቅ አልጠየቅኋቸውም።

ብርቱካን ሐምሌ ላይ ብርድ ልብሷን ይዛ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዳ ተፈትና መጣች። ውጤት የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ሰፈርተኛው እኛ ቤት ሞላ። አያ ዘውዱ ብቻ የሉም። ወገቤን አሞኛል ብለው በማለዳ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወርደዋል አሉ። ፍቅርአዲስ ወገባቸው የሚያማቸው ቀን መርጦ ነው ብላ ሳቀችባቸው። እኔ አልሳቅሁም። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ፣ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ ብርቱካን ስልኩን ደረቴ ላይ ጥላ አለቀሰች። እኔም ቁጥሩን አነበብኩት፤ ቁጥር አይጠፋኝም።

ቀድሜ ለሰው ስልክ ደውዬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ወጥቼ ደወልኩ። አነሡት። ከጀርባቸው ውኃው ሲወርድ ይሰማል።

"ሞልቷል፣ አያ ዘውዱ" አልኳቸው።

ዝም አሉ። አያ ዘውዱ ዝም ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሒሳብስ?"

"ከሁሉ ያነሰው እሱ ነው። ግን ከአምናው እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።"

"ባሕሩን አትሻገርም በይኛ።"

"አትሻገርም።"

አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ፤ እንፋሎቱ ነው አሉኝ። ነገ መጥተው ያን ሁሉ ነጥብ ብቻቸውን እንዴት እንዳመጡት ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩኛል። ነግቶ እስኪመጡ ቸኩያለሁ። አንዱንም ቃል አላርማቸውም።