ማነህ?

ትናንት ሌሊት በሕልሜ፣ በዋርካ በር ከተማ ሬዲዮኖች ሰው ያዳምጡ ነበር። እያንዳንዱ ሬዲዮ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ጆሮውን እየጠመዘዘ ድምፅ ይፈልጋል። እኔን የያዘኝ አሮጌ ሬዲዮ ግራ ቀኝ ቢያዞረኝ ከ«ሽሽሽ» ድምፅ በቀር ምንም አልወጣኝም።

«ይሄኛው የውጭ ነው» አለ። «እዚህ አይስብም።»

ዜና ወደማነብበት ሬዲዮ ጣቢያችን ሮጥኩ። በሩ ላይ የዘበኛ ካፖርት አለበሱኝ። እውነተኛው ዘበኛችን ጋሽ አጥናፉ ከረባቴን አስረው፣ ቡዳፔስት ሰባት ዓመት የለፋሁበትን ዲፕሎማ እንደ ማራገቢያ እያወዛወዙ አልፈውኝ ገቡ።

ጋሽ አጥናፉን መቼም አልወዳቸውም። ጣቢያው በተከፈተ ቀን የያኔው ዜና አንባቢ ይቀራል። እሳቸው ስቱዲዮ ውስጥ ቀይ መብራት ሲበራ ያዩና ሌባ መስሏቸው «ማነህ?» ብለው ይጮኻሉ። ጩኸታቸው በሬዲዮ ተላለፈ። ከተማው ለዘበኛ እንደሚመለሰው ከየቤቱ «ወዳጅ!» ብሎ መለሰ። ይኸው አስራ አምስት ዓመት የጠዋቱ ፕሮግራም በእሳቸው «ማነህ?» ይከፈታል፤ ሰዉም ጥርሱን እየፋቀ ይመልሳል። እኔ «እንደምን አደራችሁ» ስል ግን አንድም ሰው መልሶልኝ አያውቅም። ለጣቢያው አስራ አምስተኛ ዓመት በዓል ታሪኩን ጽፈህ ዛሬ ጠዋት አንብብ ስባል፣ ስማቸውን ከረቂቁ ሰረዝኩት።

በሕልሜ ዋና አዘጋጇ ፍየል ነበረች። ታሪኬን ገጽ በገጽ በላችው።

«ጨው የለውም» አለች።

«ጥናት እኮ ነው!»

«ይቺ የሰረዝካት ስም ብቻ ትጣፍጣለች።»

ወዲያው ሬዲዮኖቹ ከበቡኝና በአንድ አፍ «ማነህ?» አሉኝ። «ወዳጅ» ልል አፌን ከፈትኩ። ቅናቴ እንደ ዘበኛ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ።

«ማነህ?»

ነቃሁ። ነግቷል። ድምፁ የሚመጣው ከግድግዳው ማዶ፣ ከአከራዬ ከእትዬ ብርነሽ ሬዲዮ ነው። ግቢው ሁሉ «ወዳጅ!» አለ። እኔ በዚህ ሰዓት ስቱዲዮ መሆን ነበረብኝ።

«አንባቢያችን ቀርቷል» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «እንደለመድኩት እኔው ልግባበት።»

ትናንት ስቱዲዮ ትቼው የወጣሁትን ታሪክ ቃል በቃል አነበቡት። ሲጨርሱ ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማ።

«እኔ የለሁበትም» አሉ። «አይፈረድበትም፣ ልጁ ያኔ ባሕር ማዶ ነበር።» ሳቅ አሉ። «እስቲ የት ነህ አንተ ጸሐፊ? ማነህ?»

እትዬ ብርነሽ ግድግዳዬን ደበደቡ።

«መልስ እንጂ ልጄ! አንተን እኮ ነው!»